ታዝሎ የወጣው ተመራጭ

የጃንጥላ ፓርቲ ሥራ አስኪያጅ ሱዳካር ቃሉን እንዲህ ብሎ ሰጠ።

«ከፎቅ መስኮት ሆኜ በዓይኔ ነው ያየሁት። ሾፌሩ ኬምፓያ፣ ተመራጫችንን ኒንጌ ጎውዳን አዝሎት በጓሮ በር ሲወጣ ነበር። ጎውዳ ራሱን ስቷል። አንገቱ እንደታረደ ዶሮ ተንጠልጥሏል። ወይ አደንዝዘውታል፣ ወይ መትተውታል። ይኼ ጠለፋ ነው። ያውም የደወል ፓርቲ ሥራ!»

የሎጁ አትክልተኛ ጋንጌ ደግሞ እንዲህ አለች።

«መታዘሉንስ ታዝሏል። ግን ራሱን የሳተ ሰው ጃንጥላ ይይዛል እንዴ? ለራሱም ለሾፌሩም ዘርግቶ ይዞ ነበር። አጠገቤ ሲደርሱ ‹ጋንጌ፣ ጽጌረዳዎቹ ውኃ ተኝቶባቸዋል፣ ቦይ ቅደጂላቸው› ብሎኝ አለፈ። እውነቱን ነው፣ ተኝቶባቸው ነበር።»

ኢንስፔክተር ፑቫያ በረንዳው ላይ ቆሞ ሁለቱን ቃል በልቡ ያመዛዝናል። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቶ በደቡብ ሕንድ ከኮዳጉ ኮረብታዎች ላይ ላይነሳ የተቀመጠ ይመስላል። ሁለቱ ምስክሮች የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ሰውዬው ታዝሎ መውጣቱ ነው። ፑቫያን የከነከነውም እሱ ነው። ራሱን የሳተ ሰው ጃንጥላ አይዝም። ፈቅዶ የሚሄድ ሰው ደግሞ እግር አለው። ታዲያ ምን አሳዘለው?

የክልሉ ምክር ቤት ምርጫ ውጤት ከተነገረ ሳምንት አልሞላውም። ጃንጥላ ደወልን የበለጠው በአንድ ሰው ብቻ ነበር። አንድ ሰው ደግሞ ሌሊቱን ሊገዛ፣ ሊሰረቅ፣ ሊያኮርፍ ይችላል። ስለዚህ ፓርቲው የተመረጡትን ሁሉ የአበባ ጉንጉናቸው ከአንገታቸው ሳይወልቅ በአውቶቡስ ጭኖ እዚህ ሎጅ አመጣቸው። ስልካቸውን ሰበሰበ፣ በሩን ቆለፈ፣ «እንግዶቻችን» አላቸው። ነገ ቀትር ላይ ዋና ከተማው ቤንጋሉሩ ወስዷቸው የመተማመኛ ድምፅ ያሰጣቸዋል። አሁን እንግዶቹ አንድ ጎድለዋል። አንዱ ከጎደለ ደግሞ መንግሥት የለም።

የፑቫያ ስልክ ጮኸ። የበላይ አዛዡ ናቸው።

«ፑቫያ፣ ጠለፋ ብለህ መዝግብ። ሾፌሩ በእጅህ ነው፤ ምን ትጠብቃለህ?»

«ምስክሮቹ ይጋጫሉ ጌታዬ።»

«ምስክር ይጋጫል። የዝውውር ደብዳቤ ግን ከማንም ጋር አይጋጭም። ሩቅ ሰሜን ያለው ቢዳር በዚህ ወር ሙቀቱ እንዴት ነው ይላሉ?»

ስልኩ ተዘጋ። ወዲያው ሌላ ተደወለ። ድምፁ ለስላሳ፣ ስሙን የማይናገር ሰው ነው።

«ወንድሜ፣ ጎውዳ በፈቃዱ ነው ጃንጥላን የለቀቀው። እንደዚያ ብለህ ጻፍ። ነገ ከሰዓት በኋላ ደወል ይደወላል፤ መንግሥት ሲቀየር ማን የት እንደሚዛወር እናንተ ታውቁታላችሁ።»

«ጎውዳ እናንተ ጋ ነው?»

«ቢሆንማ አንተን ምን አስለመነኝ?» ብሎ ዘጋው።

ፑቫያ ይህቺን መልስ ያዛት። ደወሎችም ጎውዳን አላገኙትም ማለት ነው።

ጎውዳ የተኛበት ክፍል መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። አልጋው ተነጥፏል። በሩ ሥር ነጠላ ጫማው አፍንጫውን ወደ ክፍሉ አዙሮ፣ ተስተካክሎ ተቀምጧል። ትንቅንቅ የነበረበት ክፍል አይመስልም። አብሮት የሚያድረው ሽማግሌው ተመራጭ ሂሬማት ነው። አልጋው ላይ ተንጋሎ ለብቻው ካርታ ይጫወታል፤ ያም ሆኖ ያጭበረብራል።

«ይህ የወተት ብርጭቆ የማነው አባባ?» አለ ፑቫያ።

«የጎውዳ ነበረ፤ እኔ ጠጣሁት።»

«ማደንዘዣ አለበት ብለው ሱዳካር ጠርጥረዋል።»

«ምነው ባለበት!» ሂሬማት ካርታውን ወረወረ። «እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ዓይኔ ተከድኖ አያውቅም። ልጄ፣ እኔ አምስት ጊዜ ተመርጫለሁ፣ አንድ ጊዜም ታስሬያለሁ። እስር ቤት ቢያንስ ጠያቂ ይመጣል። እዚህ የሚመጣው ሱዳካር ነው።»

«ጎውዳ እግሩን ያመው ነበር እንዴ?»

ሽማግሌው እስኪያስለው ሳቀ። «ጎውዳን? ያ ሰው እኮ ያሸነፈው በእግሩ ነው! እኛ በመኪና ስንዞር እሱ መንደር ለመንደር ሲኳትን ጫማ ጨረሰ። ‹ተራማጁ ጎውዳ› ነው የሚሉት። ተራማጅነቱ በሐሳብ እንዳይመስልህ፤ በባዶ ሆዱ ዳገት ይወጣል።»

«ታዲያ ለምን ታዘለ?»

«እኔም ብሆን የሚያዝለኝ ባገኝ እታዘል ነበር» አለ ሂሬማት፣ ካርታውን እየሰበሰበ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትናንት ሱዳካር የሚኒስትሮቹን ስም ሲያነብልን ጎውዳ ፊቱ ልውጥ ብሎ ነበር። ‹የማዕድን ሚኒስትሩ ማን ነው?› ብሎ ደግሞ ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ ከማንም ጋር አልተነጋገረም።»

ፑቫያ ሊወጣ የግቢው በር ላይ ሲደርስ የፓርቲው ጎረምሶች መኪናውን አስቆሙት።

«የት ነው ጌታው?»

«ወደ ፖሊስ ጣቢያዬ።»

«ሱዳካር ሳይፈቅዱ አንከፍትም።»

ፖሊሱ የፍተሻ ፈቃድ ኪሱ ውስጥ ይዞ፣ የመኪናው መጥረጊያ ዝናቡን ሲገፋ እያየ፣ ከተቆለፈ በር ጀርባ ተቀመጠ። ሂሬማት የተናገረው እስር ቤት ምን እንደሚመስል ያኔ ገባው። ሱዳካር ከፎቅ እጁን ሲያወዛውዝ በሩ ተከፈተ።

ሾፌሩ ኬምፓያ የተያዘው ወደ ኩንቢ መንደር በሚወስደው የጓሮ መንገድ ነው። ሌሊት ናዳ ወርዶ ያንን መንገድ ከመንደሩ ወዲያ ቆርጦታል። ኬምፓያ ባዶ ጂፑን አዙሮ ሲመለስ ፖሊሶች አገኙት። ረጅም፣ ጀርባው ሰፊ፣ ፊቱ ላይ ነገር የማይነበብ ሰው ነው። ፑቫያ ሩዝ በምስር አስመጣለት። ኬምፓያ ጾም እንደፈታ ሰው ይጎርስ ጀመር።

«ጂፑ ውስጥ የምሳ ዕቃ አግኝተናል» አለ ፑቫያ። «ባዶ ነው። ግን ገና ይሸታል። የሎጁ ወጥ ቤት ዛሬ ጠዋት የጠበሰው ባሚያ ነው። ማን በላው?»

«እኔ።»

«በልተህ ነው እንዲህ የምትጎርሰው?»

ኬምፓያ መጉረሱን አቆመ።

«ሰውዬህ በልቷል። ስለዚህ በሕይወት አለ፣ አፉም አልታሰረም። የት ነው ያለው?»

«አልናገርም ብያለሁ ጌታዬ። ካልኩ አልኩ።»

«ጠለፋ ስንት ዓመት እንደሚያስፈርድ ታውቃለህ?»

«ነግረውኛል።» ዓይኑ ወደ መስኮቱ ሄደ። «ሐሙስ የልጄ ሠርግ ነው። አባቷ ወህኒ ያለች ልጅ ማን ይወስዳታል? የሙሽራው ወገኖች እስካሁን ሰምተው ይሆናል።»

«እንግዲያስ ተናገር! ምን ያደርግልሃል እሱ?»

«አሥር ዓመት መኪናውን ስነዳለት አንድ ቀን ‹አንተ ሾፌር› ብሎኝ አያውቅም። ወንድሜ ነው የሚለኝ።»

«እሺ፣ ይህችን ብቻ መልስልኝ። ለምን አዘልከው?»

የኬምፓያ ከንፈር ለመጀመሪያ ጊዜ ለፈገግታ ተንቀሳቀሰ። «ከባድ ነበር» አለና ፊቱን ወደ ሩዙ መለሰ።

ፑቫያ ወደ ጎውዳ ሚስት ፑታማ ደወለ። ሴትዮዋን ስታለቅስ የሚያገኛት መስሎት ነበር። የተቆጣች ሴት አገኘ።

«ተጠለፈ? ማን ይጠልፈዋል እሱን? ሲያወራ ውሎ ራሳቸው ይመልሱታል!»

«እሜቴ፣ ለደወል ፓርቲ ሄዶ ይሆን?»

«ሄዶ ቢሆን ለእኔ ይነግረኝ ነበር። ደግሞ ከሎጁ ላይወጣ ምሏል አሉኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ መሐላ አይሰብርም። በልጅነቱ እናቱ ስትታመም ስኳር አልቀምስም ብሎ ማለላት። በሠርጋችን ቀን ጣፋጩ ሲቀርብ አልነካም አለ፤ የሱንም የኔንም እኔ በላሁት።» ንዴቷ ላላ። «ግን መሐላን እንደ ጠበቃ ነው የሚያነበው። ስኳር አልኩ እንጂ ማር መቼ አልኩ ብሎ ማሩን በማንኪያ ነው የሚልሰው።»

ፑቫያ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ወደ ሎጁ ተመለሰ። ሂሬማት አሁንም ከራሱ ጋር ካርታ ላይ ነው።

«አባባ፣ እዚህ ስትገቡ ምን ብላችሁ ማላችሁ?»

«መብራት ተለኮሰ፣ ኮኮናት መጣ፣ እጃችንን ጭነን ማልን።»

«ቃሉን። ቃል በቃል።»

ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ። «‹በእናቴ ነፍስ፣ ድምፅ እስክሰጥ ድረስ በገዛ እግሬ ከዚህ ደጅ አልወጣም።› ሱዳካር ነው ያረቀቀው። ሕግ ተምሬያለሁ ይላል።»

ፑቫያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። አባቱ ትዝ አሉት። በእርሻ ድንበር ከወንድማቸው ተጣልተው «እግሬ ግቢህን አይረግጥም» ብለው ለአያቶቻቸው በሚለኮሰው መብራት ፊት ምለው ነበር። ዓመታት አለፉ፤ የወንድማቸው ልጅ ልትዳር ሆነ። መሐላው አይሰበርም፣ ሠርጉም አይቀርም። አራት ጎረምሶች አባቱን በወንበር ተሸክመው ግቢው አስገቧቸው። እግራቸውን በርጩማ ላይ አድርገው በሉ፣ መረቁ፣ እንደገቡ ተሸክመው አወጧቸው። አንድም ሰው አልሳቀም። በዚህ አገር መሐላ የሚይዘው የተናገርከውን ነው፤ ያልተናገርከውን አምላክም አይጠይቅህም።

ነጠላ ጫማው ለምን በር ሥር እንደቀረ አሁን ገባው። የማይረግጥ እግር ጫማ አይፈልግም።

«አባባ» አለ እየተነሳ፣ «ጎውዳ የታዘለው በገዛ እግሩ ላይወጣ ስለማለ ነው።»

ሂሬማት ጭኑን መታ። «ያ እርኩስ!» አለ በአድናቆት። «እኔስ ለምን አልመጣልኝም?»

ሰውዬው የት እንዳለ ማሰብ ከዚህ በኋላ አላስቸገረም። ባሚያው ሳይቀዘቅዝ የሚደረስበት ቦታ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ከኩንቢ ወዲያ ተቆርጧል። ኩንቢ ላይ ጣራው የማያፈስ ቤት ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው። ፑቫያ መኪናውን ከመንደሩ በታች አቁሞ ጭቃውን በእግሩ ወጣው። ከኋላው ሌላ ሞተር ሲንጎራጎር ሰማ። ሱዳካር እየተከተለው ነበር።

ትምህርት ቤቱ በምርጫው ቀን የድምፅ መስጫ ጣቢያ ነበር። የጣቢያው ቁጥር አሁንም በሩ ላይ ተለጥፏል። ናዳ ቤታቸውን የወሰደባቸው የመንደሩ ሰዎች ዕቃቸውን እንደያዙ አንደኛውን ክፍል ሞልተውታል። በሁለተኛው ክፍል፣ በልጆች አግዳሚ ላይ፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ኒንጌ ጎውዳ ተቀምጧል። ባዶ እግሩን ነው። የተመረጠ ሰው አይመስልም፤ ትምህርት ያልገባው ትልቅ ልጅ ይመስላል።

«ጌታው ጎውዳ» አለ ፑቫያ። «በማር ነው ያመለጡት።»

ጎውዳ ፈገግ አለ። «ፑታማ ነገረችህ።»

«ለምን ወጡ?»

ጎውዳ በመስኮቱ ወደ ላይ አመለከተ። ኮረብታው ላይ የድንጋይ ካባው እንደተገመጠ ዳቦ ይታያል። ከሥሩ ቀይ አፈር እስከ መንደሩ ወርዷል።

«በዚህ መንደር በሁሉም ደጅ ቆሜያለሁ። ካባውን አዘጋለሁ ብያለሁ። በዚያ ነው የመረጡኝ። ትናንት ሱዳካር ስም ሲያነብ የማዕድን ሚኒስትሩ ማን ሆነ? የካባው ባለቤት! ነገ እጄን ካነሳሁ እሱን ሾምኩ ማለት ነው።»

«ለደወል ይስጡዋ።»

«ደወሎች ያንኑ ሰውዬ ወደኛ ና እያሉ ደጅ ይጠኑታል። እዚያም እሱ፣ እዚህም እሱ። ነገ ቀትር እስኪያልፍ መንገድ ተዘጋብኝ ብዬ ልቀር ነበር። ጠለፋ ይሉታል ብዬ አላሰብኩም።»

«ብለውታል። ኬምፓያ ታስሯል።»

ጎውዳ ከአግዳሚው ብድግ አለ። «ምን አድርጎ?»

«እርስዎን አዝሎ። ጠየቅነው፣ ያሉበትን አልናገርም አለ። የልጁ ሠርግ ሐሙስ ነው።»

ሱዳካር ጃንጥላውን እየዘጋ ገባ። ጫማው የጭቃ ድስት ሆኗል። ትንፋሹን ሳይሰበስብ ጀመረ።

«ጎውዳ ወንድሜ፣ ተመስገን! በቃ፣ ተጠልፌ ነበር በል። ኢንስፔክተሩ አገኘህ፣ ጀግና ሆነ። ነገ በሄሊኮፕተር እናደርስሃለን። መቀመጫህም መሐላህም ይተርፋል።»

«ኬምፓያስ?»

«ኬምፓያን በዋስ እናስወጣዋለን። አሁን አይደለም፣ ነገሩ ሲበርድ።»

«በፈቃዴ ነው የወጣሁት ካልኩስ?»

«ፓርቲህን በፈቃድህ ጥለህ ወጣህ ማለት ነዋ! ሕጉ ግልጽ ነው። መቀመጫህ ባዶ ይሆናል። በእናትህ ነፍስ የማልከውን የበላህ ሰው ተብለህ በጋዜጣ ትወጣለህ። እናትህ ደግሞ በሕይወት አሉ፤ ጋዜጣ ያስነብባሉ።» ወደ ፑቫያ ዞረ። «አንተም ንገረው እንጂ! ቢዳር መሄድ አማረህ?»

ፑቫያ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ። ወደ ቢዳር የሚወስደው መንገድ በዚህም በዚያም በኩል እንደሚያልፍ ያውቃል። አንዱ ዛሬ ያዛውረዋል፣ ሌላው ነገ። ይህን ማወቁ እንግዳ የሆነ እፎይታ ሰጠው።

«እኔ የምጽፈው እሳቸው የሚሉትን ነው» አለ። «አንድ ቃል አልጨምርም፣ አንድ ቃል አልቀንስም። ከዚህ ክፍል ግን ሳይናገሩ አይወጡም። አዝሎ የሚያወጣቸውም የለም።»

በአንደኛው ክፍል ያሉት ሰዎች በሩ ላይ ተደራርበው ያዳምጣሉ። ከመካከላቸው ቤቷ የተናደባት አሮጊት፣ የተጨማደደ ፊቷን ወደ ጎውዳ አቅንታ አየችው። በምርጫው ቀን የተቀባችው ቀለም ጣቷ ላይ አሁንም ጥቁር ነው።

«አንተ ልጅ» አለችው፣ «ድምፅ ስትለምነን በእግርህ መጣህ። ደጄ ላይ ቆመህ እግርህ ሲደማ ውኃ ያፈሰስኩልህ እኔ ነኝ። ስትመረጥ ጊዜ ታዝለህ መጣህ?»

አንዱ ሳቅ አመለጠው፤ ሌላው ቀጠለ። ጎውዳ ግን አልሳቀም። ባዶ እግሩን ቁልቁል ተመለከተ። በጭቃው መካከል ሁለት ንጹሕ እግሮች ነበሩ።

«ማዘርስ ምን ይሉሃል?» አለ ሱዳካር ሳቁን ለማቋረጥ። «ለእናትህ አታዝንም?»

«ለእናቴ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።» ጎውዳ ከአግዳሚዎቹ መካከል ወጥቶ ወለሉ ላይ የተኛውን ጭቃ ረገጠው። አንድ እግሩን፣ ከዚያ ሌላውን። «መሐላውን ማር አደረግሁት። ለሌላ ሰው ግን እሬት ሆነበት።»

ዓይኑን ከአሮጊቷ ላይ ሳያነሳ ለፑቫያ፣ በሩ ላይ የተደራረቡት ሁሉ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ፣

«ጻፍ» አለው። «ኬምፓያ ጥፋት የለበትም። ኒንጌ ጎውዳ በገዛ እግሩ ወጣ ብለህ ጻፍ።»